በደኅና ውሻ ስለሚሰወር በሽታና ስለ ምርመራው

ውሻ ከበላና ከጮኸ፥ ጅራቱንም ከቆላ፥ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ይለዋል። ዳሩ ግን ሌፕቶስፒራ የሚባል፥ ዓይን የማያየው ተሕዋስ በኩላሊቱ ተሸሽጎ ሳለ፥ ውሻው አንዳች የሕመም ምልክት ሳያሳይ ብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር ሊኖር ይችላል። በዚያም ጊዜ ተሕዋሱን ከሽንቱ ጋራ ያፈሰዋል። ሽንቱ የገባበት ኩሬና ረግረግ በሽታውን ይዞ ይቆያል፤ ፀሓይ በመታው ደረቅ መሬት ላይ ግን ፈጥኖ ይሞታል። ልጆች በቆሰለ እግራቸው በዚያ ውሃ የገቡ እንደ ሆነ በቁስሉ ይገባባቸዋል። ትኩሳት፥ ራስ ምታትና የባት ሕመም ይይዛቸዋል፤ የጸናበትም ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ኩላሊቱም ሥራውን ይተዋል፥ ከዚያም የሚሞት አለ።

የዚህን ሕመም ጽኑውን ዓይነት አዶልፍ ቫይል የተባለ የጀርመን ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ገልጾ ጻፈው፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ተሕዋሱን ያገኙት በዚያው አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ኢናዳና ኢዶ የተባሉ የጃፓን ሐኪሞች ናቸው።

መልኩ እንደ ተገመደ ክር ነው፤ ጫፉም እንደ ሜንጦ የታጠፈ ነው። እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ መርማሪዎች ይልቁን ፍለጋውን ይከተላሉ። ተሕዋሱ በመጀመሪያው ሳምንት በደም ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኩላሊት ይሄድና በሽንት ይወጣል። የሰውነት ተከላካይ ግን በደም ውስጥ በሚገባ የሚታወቀው ከሳምንት ያህል በኋላ ነው። እንግዲህ ውሻው በታመመ በሦስተኛው ቀን ደሙ ተወስዶ ስለ ተከላካዩ ቢመረመር፥ በሽታው እያለ «የለም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይህን መልስ አምኖ ነገሩን መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሙ ዳግመኛ ይወሰዳል፤ የሁለተኛው ልክ ከፊተኛው አራት እጥፍ ከሆነ በሽታው ተረጋገጠ ይባላል። ፒ ሲ አር የሚባለው ምርመራ ደግሞ የተሕዋሱን የራሱን ዘር በደምና በሽንት ይፈልጋል። ነገር ግን ተሕዋሱ በየቀኑ ከሽንት ጋራ አይወጣምና፥ አንድ ጊዜ መታጣቱ ውሻውን ነጻ አያወጣውም። አስቀድሞ መድኃኒት የተሰጠው ውሻም ምርመራውን ያሳስታል፤ ክትባትም በደም ውስጥ ተከላካይን ያስነሣል።

የመምህሩ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጸሓፊ ስለሆንሁ ለብዕር አዳላህ ይሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀን ያልተጻፈለትን ደም ሐኪም በትክክል ሊፈርድበት አይችልም። ውሻው መብል የተወበት፥ ያስመለሰበት፥ ውሃ መጠጣትና መሽናት ያበዛበት፥ መድኃኒት የተሰጠበትና የተከተበበት ቀን ይጻፍ፤ ወረቀቱም ለእንስሳት ሐኪም ይሰጥ። ባለቤቱ መጻፍ የማያውቅ ከሆነ መምህሩ ጠይቆ ይጻፍለት።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ውሻው ከምንጭና ከኩሬ ርቆ ይታሰር፤ ሽንቱንም በባዶ እጅ የሚነካ አይኑር። ከቤተ ሰብ አንዱን ትኩሳት የያዘው እንደ ሆነ፥ ለሐኪሙ ስለ ውሻው ጭምር ይነገረው።