ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት

ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዳገት ላይ የሚቆራርጥ ቮልስ ጋራዥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡሬተሩ ነው። ይህ ልማድ ባለቤቱን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል። ማስተካከያ ብሎኖቹ አንዴ ከተነካኩ ደግሞ እውነተኛውን ጥፋት ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። በፑንቲና የሚሠራ አሮጌ ሞተር ሲያስቸግር ቅድሚያ የሚገባው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ለዚህም አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሥራው ከካንዴላ ይጀምራል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አራቱም ይፈቱና በየሲሊንደራቸው ተራ ይደረደራሉ። ሁሉም እኩል ጥቀርሻ ከለበሱ ነገሩ የኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በሚያልፈው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ወይም ከራሰ ግን ያ ሲሊንደር ይጠረጠራል። ካንዴላው ከሌላው ጋር ቦታ ይቀያየር፤ ችግሩ ተከትሎት ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልሄደ በሽቦው ይደገማል። ሁለቱም ተቀይረው ችግሩ እዚያው ከቀረ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን፣ ከዚያም የቫልቭ ክፍተትና ኮምፕሬሽን ይታያሉ።

ክረምት ሲገባ የሚብስበት መኪና በጨለማ ይፈተሽ። የቤንዚን ፍሳሽ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ በሽቦዎቹና በክዳኑ ላይ ውሃ በስሱ ሲረጭ የተሰነጠቀው ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል። በሽቦዎቹ የሚያልፈው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ እጅ አይጠጋም።

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ግን መቸኮል አይገባም። ፑንቲናው ጨርሶ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ገጹ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩም አብሮ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚያልፋት ፑንቲናውን ከቦቢናው መስመር ጋር የምታገናኘውን ቀጭን ሽቦ ነው። ቤንዚን ሲሰጥ ቫኩዩሙ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ይስበዋል፤ ሽቦዋም አብራ ትተጣጠፋለች። ከዓመታት በኋላ ላስቲኳ ደህና መስሎ ውስጧ ይበጣጠሳል። ሚኒሞ ላይ ጸጥ ብሎ እየሠራ ቤንዚን ሲሰጠው የሚቆራርጥ ሞተር ካለ እዚህ ይፈለግ፦ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ተነቅሎ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ ሽቦዋ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው ፑንቲናው ምላስ ላይ ይያዛል። ሳህኑ በእጅ ወዲያ ወዲህ ሲል የኦሙ ቁጥር ከዘለለ ሽቦዋ ትቀየራለች።

ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ስለሆነ የቦቢናው ኤሌክትሪክ መኪናውን አቋርጦ ነው የሚመጣው። ያረጀ ቁልፍና የዛገ መጋጠሚያ በመንገድ ላይ ቮልቱን ይበሉታል። በ12 ቮልት መኪና ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ በቦቢናው 15 ቁጥር ላይ የሚነበበው ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ መስመሩ ይፈተሻል። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ተከፍቶ ሲቆይ ቦቢናው ስለሚግል ልኬቱ አጭር ይሁን። ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ከሆነ ቦቢናው ሽቦዎቹ ተነቅለው ትኩስ እንዳለ ይለካ፤ በ15 እና በ1 ቁጥር መካከል 3 ኦም ገደማ ይጠበቃል። ከካምቢዮው ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድም ተፈትቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ ይታሰር።

በኋለኞቹ ሞዴሎች ካርቡሬተሩ ላይ ራሱ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ፤ ቁልፉ ሲዘጋ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚያቋርጥ ትንሽ ቫልቭ ነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲከፍት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ ሽቦው ወልቋል ወይም ቫልቩ ሞቷል። እንዲህ ያለ መኪና ቤንዚን ሲሰጠው ይሄዳል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል።

የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር የእሳቱ ጊዜም ስለሚዛባ ፋዙ እንደገና ይስተካከላል። የካርቡሬተሩ ብሎን ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ነው።