ኾሩ ቆሻሻ መጣያ አይደለም
ጁባ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና የውሃ ቦቴ ላላችሁ የቀረበ ማሳሰቢያ

ጁባ ውስጥ አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውሃ የለውም፤ የምንጠጣውን ከነጭ ዓባይ ቀድቶ የሚያመጣልን ቦቴ ነው። ዝናብ ሲጥል ከተማዋን አቋርጠው ወደዚያው ወንዝ የሚወርዱት ደግሞ ኾር የሚባሉት የጎርፍ መውረጃዎች ናቸው። ማታ ኾር ውስጥ የደፋነውን ጎርፉ ገንዘብ ከፍለን ወደምንገዛው ውሃ ይጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ኮሌራ በዚህች ከተማ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ገብቷል። ያንን ጊዜ ያየ ሰው የሚከተለውን አቅልሎ አያየውም።

• ኾርና ቦይ ውስጥ ምንም ነገር አትጣሉ። በበጋ ደርቆ ስታዩት ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ይመስላል። ዝናቡ ሲጀምር ግን የሃይላንድ ጠርሙሱና ፌስታሉ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ውሃውም ከታች በኩል በጭቃ ቤት የሚኖረው ጎረቤት ላይ ይገባል። እኛ የብሎክ አጥር ስላለን አይነካን ይሆናል፤ እሱን ግን ያፈናቅለዋል።

• ቆሻሻ የሚወስድላችሁን ሰው የት እንደሚደፋው ሳታውቁ አትክፈሉ። ከሁሉም በላይ አደራ የምንለው ይህንን ነው። የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ከከተማ ወጣ ብሎ በየይ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ነዳጅ ይፈልጋል። በጣም በርካሽ የሚወስድላችሁ ሰው የነዳጁን ወጪ የሚያተርፈው ጥግ ዞሮ በመድፋት ነው። አንድ ቀን ሠራተኛ አብሮ ይሂድና ይይ። ዋጋው ከከበዳችሁ ጎን ለጎን ያላችሁ ሦስት አራት ቤቶች ተዋጡና አንድ መኪና ተከራዩ። የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ስትጠሩም ጥያቄው ያው ነው፤ የዚህኛው ጉዳት እንዲያውም ይብሳል።

• የወጥ ቤት ትራፊና ፕላስቲክ አንድ በርሜል ውስጥ አትቀላቅሉ። ልጣጭና የቡና አተላ ለብቻው ከተቀመጠ ጉድጓድ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጠርሙሱም ንጹሕ ሆኖ ለሚሰበስቡት ይተርፋል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው።

• ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ጭሱ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱት የጎረቤት ሕፃናት ናቸው።

• የቦቴ ሾፌሮች፦ መኪና ወንዝ ዳር አትጠቡ፤ የተቃጠለ ዘይት ውሃ መቅጃው አካባቢ አታፍስሱ። ክሎሪን ሳይገባበት ውሃ አትሽጡ።

• ዕቃ አጣቢዋን ልጅ «ውሰጂና የሆነ ቦታ ጣይው» ብላችሁ በጨለማ አትላኳት። በዚህ አነጋገር ጥፋቱ የእሷ ይመስላል፤ ያዘዝናት ግን እኛ ነን። ጓንትና ቦቲ ጫማ ስጧት፤ የሚደፋበትንም ቦታ በስሙ ንገሯት።

• ፌስታል ቀንሱ። ናይሮቢ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ገበያውም አልቆመም። አገር ቤትም በ2017 ዓ.ም. የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። እዚህም ማንም እስኪያስገድደን ሳንጠብቅ ለደንበኛ በወረቀት ወይም በዘንቢል መስጠት እንችላለን።

• ባዶ ቦታ ላይ ክምር ሲጀመር ዝም ብላችሁ አትለፉ። አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ ያረፈበት ቦታ በሳምንቱ አሥር ይጨመርበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መድፊያ ላይ የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል፤ ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። የሰፈራችሁ ክምር ገና ትንሽ ሳለ ለሰፈሩ አለቃና ለከተማው ምክር ቤት አመልክቱ። ስትሄዱም ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከአገሬው ጎረቤት ጋር ሂዱ። ቋንቋውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ልጆቹ የሚያድጉትም እዚሁ ነው።

• ሰፈሩ ለጽዳት ሲወጣ ሱቃችሁን ለሁለት ሰዓት ዝጉና ውጡ። አካፋና ጋሪ ያለው ያምጣ፤ ሆቴል ያለው ለወጣው ሰው ሁሉ ሻይና ውሃ ያቅርብ።