ሳል ሁሉ በአንድ ካፕሱል አይድንም

ዛሬ በራሴ ከደረሰው ልጀምር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ሳል ያዘኝ። የዶርም ጓደኛዬ ከእሱ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። ዋጥኩት፤ አልተሻለኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤና ጣቢያ ያልሄድኩት ግን ምርመራ ጠልቼ አይደለም፤ “ኤድስ ይዞት ነው” እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ለመሆኑ ስህተቴ ምን ላይ ነው? ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ያለ አግባብ ሲወሰድ ጭራሽ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። “አክታዬ አረንጓዴ ስለሆነ ባክቴሪያ ነው” የምትሉም አላችሁ። በቫይረስም አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀለሙ ብቻውን አይለይም።

ታዲያ የጤና ባለሙያው በምን ይለያል?

1. የጉሮሮ ሕመም፦ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር፣ ሲነኩት የሚያም የአንገት እብጠት ካለ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ልብን ሊጎዳ ይችላል።

2. ሳንባ ምች፦ ትንፋሽ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆነ ሳል የያዘው ሕፃን በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ታናናሾች ያሏችሁ ይህቺን ቁጥር ያዙ።

3. የቆየ ሳል፦ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነው የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ ሳል እንደጀመረው ይመርመር።

እኔም በመጨረሻ አክታዬ ሲመረመር ቲቢ ተገኘ። ቲቢ በባክቴሪያ ይመጣል፤ ሆኖም በአሞክሳሲሊን አይድንም። የራሱ መድኃኒቶች አሉት። 6 ወር ሳላቋርጥ ወስጄ ዳንኩ። የኤች አይ ቪ ምርመራም አደረግሁ። “ውጤቱስ?” ትሉ ይሆናል። ምንም ይሁን ምን፣ ሕክምናው እዚያው ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከአምስት ልጆች ጋር ነው ያደርኩት። ሁሉም ተጠርተው ሲመረመሩ አንዱ ታሞ ተገኘ። እሱም ታክሞ ድኗል። ግን እኔ ሐሜት ፈርቼ ዋጋውን እሱ ከፈለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የሰው ትራፊ መድኃኒት አትዋጡ። ጓደኛችሁ ሲያስል ካፕሱል አትስጡት፤ “ና፣ አብረን እንሂድ” በሉት። የሚያስለውን ሁሉ በኤድስ መጠርጠርም ይቅር።

ቸር ይግጠመን!