ኩሽኔታ በጣት ሽክርክሪት አይመረጥም
የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ጎማ ለነጋዴውም ለገዢውም የሚያስተምረው

ኩሽኔታ በመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ትንሽ ቦታ የሚይዝ፣ ሲበላሽ ግን ትልቅ ወጪ የሚያስከትል ዕቃ ነው። ነጋዴው በካርቶን ያስመጣዋል፤ ገዢው ደግሞ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ በጣቱ ያሽከረክረዋል። ረዥም ጊዜ የዞረውን «ጥሩ ነው» ብሎ ይወስዳል፤ ቶሎ የቆመውን ይመልሳል። ለመሆኑ ይህ ፈተና ትክክል ነው? አይደለም። እንዲያውም ለሥራው የሚስማማው ኩሽኔታ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚቆመው ነው።

ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ነው። ይህ በባትሪና በሞተር የሚሄድ ባለአራት ጎማ ጣውላ ከሚሠራባቸው ከተሞች መካከል የቻይናዋ ሼንዘን በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ጣውላው በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይፈጥን፣ ነጂውም የራስ መከላከያ ቆብ እንዲያደርግ ያዛል። በዚህ ፍጥነት ላይ አንድ ጎማ ቢነክስ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ የኩሽኔታ ምርጫ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአካል ደህንነት ጉዳይም ነው።

የጣውላው ኩሽኔታ 608 የሚባለው ሲሆን፣ ያለሞተር የሚነዳው ተራ ስኬትቦርድም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የስኬትቦርድ መጫወቻ ከተከፈተ ወዲህ ዕቃውን የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። 608 በአነስተኛ ሞተሮችና በእጅ መሣሪያዎች ውስጥም ስለሚገባ ነጋዴው ጠንቅቆ ቢያውቀው የሚከስርበት አይሆንም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በኩሽኔታው ቀለበት ላይ የታተመው ቁጥር የዕቃው መታወቂያ ነው። 608 ማለት የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከጎኑ 627 የሚባል አለ፤ የውጭ ስፋቱም ውፍረቱም ከ608 ጋር እኩል ሲሆን ቀዳዳው ግን 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ቢቀላቀሉ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ 627 ግን ባለ 8 ሚሊ ሜትር አክስል ላይ አይገባም። ትልልቅ የአየር ጎማ ከተገጠመላቸው ጣውላዎች አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ደግሞ 6001 ነው፤ ልኩ 12 በ28 በ8 ነው።

በአራት አኃዝ የሚጻፉት ተራ ኩሽኔታዎች አነባበባቸው ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 00 ከሆኑ ቀዳዳው 10፣ 01 ከሆኑ 12፣ 02 ከሆኑ 15፣ 03 ከሆኑ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ በ5 ይባዛል። 6004፣ 6204 እና 6304 ሦስቱም ቀዳዳቸው 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጭ ስፋታቸው ግን በቅደም ተከተል 42፣ 47 እና 52 ነው። «የ20 ኩሽኔታ ስጠኝ» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎችን እንደጠየቀ ይቆጠራል።

ክዳኑ ከማዕረጉ ይቀድማል

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጡት የላቲን ፊደሎች ስለ ክዳኑ ይናገራሉ። ዜድ ዜድ የሚለው በሁለቱም በኩል የብረት ክዳን አለው ማለት ነው፤ ክዳኑ የውስጥ ቀለበቱን ስለማይነካ ኩሽኔታው ቀልጠፍ ብሎ ይዞራል፣ ውሃና ደቃቅ አቧራ ግን ያስገባል። 2 አር ኤስ የሚለው በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው፤ ጎማው ቀለበቱን ስለሚነካ ትንሽ ይይዛል፣ ግራሶውን ግን ውስጥ ያቆያል፣ ቆሻሻውንም ይከላከላል። በጣት ሲሽከረከር ቶሎ የሚቆመው ይህኛው ነው።

በእግር ለሚገፋ ስኬትቦርድ ቅልጥፍናው ዋጋ አለው፤ ጉልበቱ የሰው ነውና። ሞተር ላለው ጣውላ ግን የጎማ ክዳኑ የሚወስደው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መንገድ ላይ ለሚውል ጎማ 2 አር ኤስ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲ 3 የሚለው ምልክትም ብዙውን ሰው ያሳስታል። ይህ የጥራት ማዕረግ ሳይሆን በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ለሚግልና ጠብቆ ለሚገጠም ሥራ ይፈለጋል፤ ለስኬትቦርድ ጎማ ተጨማሪ የሚከፈልበት አይደለም።

ኤቤክ የሚለው ጽሑፍ

በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኤቤክ የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ነው። ደረጃዎቹ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9 ናቸው። የሚለኩት የቀለበቶቹን የልክ ትክክለኛነትና የአዟዟር ቅንነት ብቻ ነው። ስለ ብረቱ ዓይነት፣ ስለ ግራሶውም ሆነ ስለ ክዳኑ የሚሉት የለም። «ኤቤክ 11» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከቀረበ ደግሞ በደረጃው ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሌለ ማወቅ ይበቃል።

ሂሳቡም ይህንኑ ያረጋግጣል። ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ የሚዞረው 1,900 ጊዜ ያህል ነው። የታወቁ አምራቾች ባለጎማ ክዳን 608 ግን በደቂቃ ከ20,000 በላይ እንዲዞር ተፈቅዶለታል። ክብደቱን ብንወስድ፣ ሰውና ጣውላ አብረው 90 ኪሎ ቢመዝኑ ለስምንቱ ኩሽኔታዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 11 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ 608 ቆሞ የሚችለው ወደ 140 ኪሎ ነው። ስለዚህ የጣውላውን ኩሽኔታ የሚገድለው ፍጥነትም ክብደትም ሳይሆን ውሃ፣ አቧራ፣ የጉድጓድ ምትና የተሳሳተ አገጣጠም ነው። ለከፍተኛ ኤቤክ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከእነዚህ ከአንዱም አያድንም።

አገጣጠሙ

በአንድ ጎማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። በመካከላቸው የውስጥ ቀለበቶቹን የሚያራርቅ ትንሽ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ሳይኖር ዳዶው ከጠበቀ የውስጥ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ኳሶቹም በጎን ተጨንቀው ያልቃሉ። ይህ ቱቦ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሻጩ ከኩሽኔታው ጋር አብሮ ቢያቀርበው ደንበኛው ቅሬታ ይዞ አይመለስም።

ሁለተኛው ስህተት መዶሻ ነው። ኩሽኔታ ወደ ጎማው ሲገባ መገፋት ያለበት በውጭ ቀለበቱ ነው፤ አክስል ላይ ሲገባ ግን በውስጥ ቀለበቱ። ይህ ተገላብጦ ከተሠራ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ ቀለበቱ ይጎደጉዳል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና በመጀመሪያው ቀን መጮህ ይጀምራል። በቺንጋ የሚነዱ ጣውላዎች ላይ ደግሞ ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ በፑሌጃው በኩል ያለው ኩሽኔታ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር የኩሽኔታው ዕድሜ ወደ ስምንተኛ እጅ እንደሚወርድ የታወቀ የምህንድስና ስሌት ነው።

የነጋዴው ስሌት

ለምሳሌ ያህል አንዱ ኩሽኔታ 100 ብር ተሸጦ 2 ወር ያገለግላል፤ ሌላው 250 ብር ተሸጦ 8 ወር ያገለግላል እንበል። ለስምንት ኩሽኔታ የመጀመሪያው በወር 400 ብር፣ ሁለተኛው በወር 250 ብር ያስወጣል ማለት ነው። የማስቀየሪያው ጉልበት በዚህ አልተቆጠረም። ይህን ስሌት ለደንበኛው በወረቀት ጽፎ የሚያሳይ ሻጭ ውድ የተባለውን ዕቃ በቀላሉ ይሸጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ከጀመረ ጀምሮ ደግሞ የተሳሳተ ዕቃ ማስመጣት የሚያስከትለው ኪሳራ ከበፊቱ የከበደ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነጥቦች

1ኛ/ የአሮጌው ኩሽኔታ ቁጥር ይነበባል፤ ጠፍቶ ከሆነ ቀዳዳው፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል።

2ኛ/ ለመንገድ ሥራ 2 አር ኤስ ይጠየቃል።

3ኛ/ በቀለበቱና በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑ ይታያል። እንደ ኤስ ኬ ኤፍና ኤን ኤስ ኬ ያሉ የታወቁ ስሞች ስለሚቀዱ ዋጋው ከተለመደው እጅግ ወርዶ የቀረበ ዕቃ ሲገኝ የአከፋፋይነት ማስረጃ ይጠየቃል።

4ኛ/ ጣት ላይ ማሽከርከሩ ካልቀረ መታየት ያለበት ለምን ያህል ጊዜ እንደዞረ ሳይሆን ሳይቆራረጥና ሳይንኳኳ መዞሩ ነው።

5ኛ/ በብዛት ከማዘዝ በፊት ጥቂት ናሙና ተገዝቶ በሥራ ላይ ይፈተናል።

የሚጮህ፣ በጎን የሚወዛወዝ ወይም ግራሶው የዝገት ቀለም የያዘ ኩሽኔታ ጊዜው አልፏል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጊዜ የተቀየረ ኩሽኔታ ጎማውንም አክስሉንም ነጂውንም ያተርፋል።