እረኛ የሠራው ጎጆ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ልጅ የጀመረው ሥራ ዳር አይደርስም፣ ቢደርስም አይረባም ለማለት ነው። በሌላ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በጎጆ ነገር ግን ተረቱ አይሠራም። እረኛ ልጅ የሠራው ጎጆ ዝናብ ያስጠልላል፤ ሲያስፈልግም ያሳድራል።

ከእናንተ መካከል ልጅ ሆኖ ከብት ያልጠበቀ ጥቂት ነው። ሁላችሁም ባላ ተክላችኋል፣ ቅጠል ከምራችኋል፣ በገሳ ሥር ተኮማትራችሁ ዶፍ አሳልፋችኋል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችሁ በተራቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ታዲያ የምናውቀውን ነገር ማንበብ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እጃችን የሚያውቀውን ነገር ምክንያቱን እንረዳለን። ሁለተኛ፣ ልጅ ከቤት ውጭ ሲያድር የሚያገኙትን አደጋዎች ለይተን እናውቃለን።

1. መጠለያ የጥንት ነው

ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት በዋሻና በድንጋይ ጥላ ሥር ይኖር ነበር። ለዚህ ምስክር በአገራችን አለ። በባሌ ተራሮች ላይ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 469 ሜትር ነው። ቦታው ብርድ ነው፤ አየሩም ስስ ነው። ሊቃውንት እዚያ ቆፍረው ያገኙትን በ2019 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ገልጸዋል። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ወደዚያ እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። እሳት ያነዱ ነበር። ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። የድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

እነዚያ ሰዎች ቦታውን የመረጡት እንዲያው በዕድል አይደለም። ነፋስ የሚከልል ድንጋይ፣ ውሃ፣ የሚበላ አውሬ፣ የሚነድ እንጨት በአቅራቢያው መኖሩን አይተው ነው። የዛሬ እረኛም ጎጆ ሊሠራ ሲነሣ የሚያየው ይህንኑ ነው።

2. ቦታ አመራረጥ

እኔ ባደግሁበት ወይና ደጋ አገር ከሁላችንም የሚበልጥ አንድ እረኛ ነበር። ጎጆ ከመሥራታችን በፊት «መጀመሪያ ላሞቹ የት እንደሚተኙ እዩ» ይለን ነበር። ላም ረግረግ ላይ አትተኛም። ብርድ ሲሆን ነፋስ የማያገኛት ጥግ ትፈልጋለች። እሱ ከዚያ ቀጥሎ መሬቱ ላይ ይጋደምና ጀርባው እርጥበት ይሰማው እንደሆነ ይፈትን ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ፈትኖ ማወቅን ያስተማረን መጀመሪያ እሱ ነው።

ጥሩ የጎጆ ቦታ የሚከተሉት ነገሮች አሉት፤

ሀ. ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ውሃ አይተኛበትም።
ለ. ከወንዝ ዳር የራቀ ነው። ደረቅ ወንዝ አይታመንም። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ራስጌው ላይ ዘንቦ፣ ጎርፉ በሌሊት ሊደርስ ይችላል።
ሐ. ናዳ ከሚወርድበት ገደል ሥር አይደለም።
መ. በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን በተቃራኒ ይሆናል።
ሠ. ከጉብታ አናት ላይ አይደለም፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥርም አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች እናያለን።

3. አሠራሩ

ለሁለት ልጅ የሚሆን ጎጆ ብዙ እንጨት አይፈልግም። ሁለት ባላ ይተከላል። በባላዎቹ ላይ አንድ ጠንካራ እንጨት ይጋደማል። ከዚያ በሁለቱም ጎን ቀጫጭን እንጨት ይደገፋል፤ በማገር ይያያዛል፤ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል። በላዩ ሰንበሌጥ ይለብሳል። ሰንበሌጥ ከሌለ የማሽላ አገዳ ወይም ቅጠል ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ምስጢር አለ። አንደኛው የክዳኑ ቁልቁለት ነው። ሳር ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ነው። የሳር ክዳን የማያፈሰው ሳሩ ውሃ ስለማያሳልፍ ሳይሆን፣ ጠብታው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከሰበዝ ወደ ሰበዝ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ነው። ክዳኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው ይተኛና ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ክዳኑ ወደ ጎን አንድ ክንድ ሲሄድ ወደ ታች አንድ ክንድ ይውረድ። ይህ ልክ ጥሩ ልክ ነው።

ሁለተኛው ምስጢር የአከዳደኑ ተራ ነው። ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። የላይኛው ንብር የታችኛውን ራስ ይሸፍናል። ተራው ከተገለበጠ ውሃው በንብሮቹ መካከል ይገባል። ትልቁም ቤት የሚከደነው በዚሁ ሕግ ነው። ልጁ በጎጆው የተማረውን አድጎ በቤቱ ይሠራበታል።

በመጨረሻ በጎጆው ዙሪያ አንድ ጋት የሚያህል ቦይ ይቆፈራል። ከላይ የሚወርደው ውሃ በቦዩ ዞሮ ይሄዳል።

ልጆች ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሌላም ነገር ይማራሉ። አንዱ እንጨት ይቆርጣል፣ አንዱ ሳር ያጭዳል፣ አንዱ ደግሞ የሁሉንም ከብት ይመልሳል። ከብት ሲመልስ የዋለው ልጅ አንድ እንጨት ባይተክልም ከጎጆው ድርሻ አለው። ድርሻውን የሚከለክለው ቢኖር ጠብ ይነሣል፤ ዳኛ ይቆማል። ይህ ደቦ ማለት አይደለም እንዴ? ሴቶች ልጆችም ከብት ይጠብቃሉ፤ ጎጆም ይሠራሉ። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ድንጋይ ደርድረው ጓዳውን፣ ምድጃውን፣ መደቡን ይለያሉ። ትልቅ ሰው ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጨዋታው ግን የቤት አሠራር ትምህርት ነው።

4. መኝታው

ውጭ የሚያድር ሰው ብርድ የሚመጣው ከላይ ብቻ ይመስለዋል። ይልቁንም መሬት ከታች ሙቀቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ከላይ ሁለት ጋቢ ከመደረብ በፊት ከታች ማንጠፍ ይሻላል። ደረቅ ሳር፣ ገለባ ወይም ጭድ በደንብ ይጎዝጎዝ። የሚያሞቀው በሳሩ መካከል የታመቀው አየር ነው። ሳሩ ከረጠበ ግን አየሩ ይጠፋል፤ ሙቀትም አይይዝም። የትናንቱን ጉዝጓዝ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከቆላ ወደ ደጋ ስንወጣ በየ1 ሺህ ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለቆላ የሚበቃ ጉዝጓዝ ለደጋ አይበቃም።

5. ማማ

በቆላና በወይና ደጋ ማሽላ ሲያሽት ጠላቱ ብዙ ነው። ቀን ዝንጀሮና ግሪሳ ይመጣሉ። ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይመጣሉ። ስለዚህ በማሳው መካከል ማማ ይቆማል። ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይውላል፤ ብዙ ጊዜም ያድራል።

ማማ በአራት ጠንካራ እንጨቶች ላይ ይቆማል። ምስጥ የማይደፍረው ጽድ ከተገኘ ለእግሩ ይመረጣል። ከማደር በፊት እያንዳንዱን እግር መነቅነቅ ተገቢ ነው። የአምናው ማማ ለዘንድሮ አይታመንም። ላዩ ደህና መስሎ ሥሩን ምስጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። በዳር በዳሩም የሚያግድ እንጨት ይታሰር፤ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ይገለበጣልና።

6. አራት አደጋዎች

መብረቅ። መብረቅ ከፍ ያለውን ነገር ይመርጣል። በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ዛፍና በማሳ መካከል የቆመ ማማ ከፍ ያሉ ናቸው። መብረቅ ዛፉን ሲመታ ኃይሉ በመሬት ውስጥ ወደ ዙሪያው ይሄዳል። ላም የፊት እግሯና የኋላ እግሯ ስለሚራራቅ ኃይሉ በሰውነቷ ውስጥ ያልፋል። አንድ መንጋ በአንድ ዛፍ ሥር በአንድ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሳር ጎጆም ከመብረቅ አያድንም። ብልጭታ ስታዩ ቁጠሩ። ድምፁ 1 ኪሎ ሜትር ለመምጣት 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ ቅርብ ነው። ልጁ ከማማው ይውረድ፤ ወደ ቤት ይሩጥ። ቤት ሩቅ ከሆነ ከዛፍና ከጉብታ ርቆ ዝቅ ባለ ቦታ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ መሬት ላይ አይዘርጋ። ልጆች ብዙ ከሆኑ ይበታተኑ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ወባ። ማሽላ የሚያሽትበት ወራት ወባ የምትነሣበት ወራትም ነው። ይኸውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ሌሊት ነው። በ1958 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወረርሽኙ ወባ እምብዛም የማታውቃቸውን ከፍ ያሉ አገሮች ጭምር አዳርሷል። ስለዚህ አጎበር ለቤት ብቻ አይደለም። ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ አጎበሩን ይዞ ይሂድ።

የአሸዋ ዝንብ። ይህች ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። በድንጋይ ስንጥቅ፣ በዋሻ፣ በኩይሳና በተሰነጠቀ መረሬ መሬት ውስጥ ትውላለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። ሁለት በሽታ ታስተላልፋለች። አንዱ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ቁንጭር ነው። ቁንጭር ፊት ላይ ቁስል ያወጣል፤ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ ጠባሳ ይተዋል። በሽታውን በሰውነቱ ይዞ የሚቆየው አውሬ ሽኮኮ ነው። ስለዚህ ሽኮኮ በሚበዛበት ዋሻ ልጅ አይደር። ሁለተኛው ካላዛር ነው። ረጅም ትኩሳት ያመጣል፣ ያከሳል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፤ ካልታከሙት ይገድላል። በቆላው በመተማና በሁመራ ከታወቀ ቆይቷል። በ1997 ዓ.ም. ግን በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በወይና ደጋ አገር ወረርሽኙ ታወቀ። በምርመራው ቀን ቀን ከግራር ሥር የሚተኙና ሌሊት ውጭ የሚያድሩ ሰዎች በበሽታው ይበልጥ መያዛቸው ታይቷል። ሁለቱም በሽታዎች ሕክምና አላቸው። ቶሎ መሄድ ነው የሚያሻው።

የከሰል ጢስ። ድሮ ጎጆ የሚለብሰው ሳር ነበር። ዛሬ ሰንበሌጥ በቀነሰበት አገር ልጆች ላስቲክ ያለብሳሉ። ላስቲክ ዝናብ አያስገባም፤ አየርም አያስገባም። በእንዲህ ያለ ጎጆ ውስጥ ከሰል ወይም ፍም ይዘው ቢተኙ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ ጎጆውን ይሞላዋል። የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። እሳት ከጎጆው ውጭ ከበሩ ፊት ለፊት ይነድ። ጅብንም የሚያርቀው የውጪው እሳትና የእሾህ አጥሩ ነው።

7. የወላጅ ድርሻ

አንድ ልጅ ከማሳ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ዝንጀሮ በላ ወይስ አልበላም?» ብለን ነው። ላሟ ከጠፋች ልጁን እንቆጣለን። እሱ ራሱ የት እንዳደረ ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን? እህሉ የሚጠበቀው ልጁ እንዲበላ ነው። እህሉ ድኖ ልጁ ቢጎዳ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ከመከር በፊት አባትና እናት ማማውን ወጥተው ይዩት። እግሩን ይነቅንቁ፤ ጉዝጓዙን ይዳስሱ፤ አጎበሩን ይስቀሉ። የሌሊቱን ጥበቃ ጎረቤታሞች በወንፈል ቢይዙት ትልቁ ሰው ያድራል፤ ልጁ ደግሞ እንቅልፉን ጠግቦ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሌሊት ሲጮህ ያደረ ልጅ ፊደሉ ፊቱ ላይ ይጨፍርበታል።

ጎጆ መሥራቱን ግን አትከልክሉት። ቀን ቀን፣ በጠራ ሰማይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይሥራ። ሲጨርስ ሄዳችሁ እዩለት። ክዳኑን ከየት እንደጀመረ ጠይቁት። ከታች ከሆነ የጀመረው፣ አውቋል ማለት ነው።

ጥያቄዎች

1. የሳር ክዳን ከታች ወደ ላይ የሚከደነው ለምንድን ነው?
2. ደረቅ ወንዝ ዳር መተኛት ለምን አደገኛ ሆነ?
3. ብልጭታ ካያችሁ በኋላ 6 ሴኮንድ ቆይቶ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
4. የማሽላ ጠባቂ ልጅ አጎበር የሚያስፈልገው በየትኞቹ ወራት ነው?
5. በቀበሌያችሁ ውጭ የሚያድሩ ልጆች አሉ? የሌሊቱን ጥበቃ እንዴት ብትከፋፈሉት ይሻላል? ተወያዩበት።