መጀመሪያ ውሃው

በዋሽንግተንና በአካባቢው ካለነው አበሾች ትራያትሎን ልሞክር ብለው የሚያማክሩኝ ከሥራ የተረፈች ሰዓት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ አለች፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ሹፌር አለ። ሁሉም ወሬውን የሚጀምሩት በሩጫ ነው። «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?» ይሉኛል። እኔም ጫማውን ለጊዜው ያስቀምጡትና መዋኛ ገንዳ ይሂዱ እላለሁ።

ለጀማሪ የሚስማማው አጭሩ ውድድር 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ ሦስቱም ሳይቋረጡ ይከተላሉ። ሩጫው ቢከብድዎ በእግር ይሄዳሉ፤ ብስክሌቱ ቢያደክምዎ ወርደው ዳር ይይዛሉ። ውሃው ግን እንዲህ አያስታምምም። ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ያደግን ነን፤ ዋናን የተማርነው ትልቅ ሰው ሆነን ነው፣ ወይም ከነጭራሹ አልተማርንም። ስለዚህ ከሥራ ሳምንት የምትተርፍልዎትን አምስት ስድስት ሰዓት ሲያከፋፍሉ ግማሿን ለዋና ይስጡ። ጨርሶ መዋኘት የማይችል ሰው ደግሞ ውድድሩን ለከርሞ ያድርገው፤ በሦስት ወር ተቻኩሎ ሐይቅ መግባትን ለማንም አልመክርም።

ይህን ሰዓት በሳምንት አንዴ ከመዋኘት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መዋኘት ይሻላል። የዋሽንግተን ከተማ መዋኛዎች ለከተማው ነዋሪ በነፃ ናቸው፤ ነዋሪነትን የሚያሳይ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። መጀመሪያ የሚለመደው አተነፋፈስ ነው። ጀማሪ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ይይዛል፤ ቀና ሲል በአንዲት ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ስለሚያምረው ይታፈናል። የገንዳውን ጠርዝ ይያዙ፣ ፊትዎን ውሃ ውስጥ ይክተቱ፣ በአፍንጫዎ አረፋ እያወጡ ቀስ ብለው ያስተንፍሱ። ከዚያ ራስዎን ወደ ጎን ሲያዞሩ የሚቀርዎት አየር ማስገባት ብቻ ነው። ይህን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳይደክሙ ሲደጋግሙት ክንድና እግሩ ይከተላል። በ25 ሜትር ገንዳ 750 ሜትር ማለት 30 ጊዜ ማቋረጥ ነው።

ገንዳና ሐይቅ አንድ አይደሉም። እኔ መጀመሪያ ሐይቅ የገባሁ ቀን ከታች የሚመራኝ ጥቁር መስመር አልነበረም፤ ውሃው ደፍርሶ የገዛ እጄ አልታየኝም፤ ደረቴ ተጨነቀ። ያዳነኝ በጀርባዬ ተገልብጬ ሰማይ እያየሁ ትንፋሼ እስኪመለስ መቁጠሬ ነው። ይህን መገልበጥ ገንዳ ውስጥ ደጋግመው ይለማመዱት። በአማተር ውድድር በፈለጉት ስልት መዋኘት ይፈቀዳል፤ የጠባቂዎቹን ታንኳ ይዞ ማረፍም ይቻላል፣ ታንኳው ወደፊት እስካልወሰደዎ ድረስ። ለልምምድ ግን ብቻዎን ሐይቅ አይግቡ። የፖቶማክን ወንዝ አይተው አይጎምጁ፤ በከተማው ክልል ፈቃድ ካለው ዝግጅት በቀር መዋኘት ክልክል ነው።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም፤ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ካቴናው የተቀባ፣ ኮርቻው በቁመትዎ ልክ የተስተካከለ ይሁን። ከሩዝቬልት ደሴት እስከ ማውንት ቨርነን የሚሄደው የወንዝ ዳር መንገድ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ መኪና አይገባበትም። ካላማዳሪያ መቀየር ቤትዎ ይልመዱ። ሕጉንም ከወዲሁ ይወቁ፤ ብስክሌቱን ከማቆሚያው ከማንሳትዎ በፊት ሄልሜቱን አጥልቀው መቆለፍ ግዴታ ነው፤ መልሰው እስኪያቆሙትም አይፈታም። ከብስክሌት ሲወርዱ እግር እንደ ግንድ ይደርቃል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት እንደወረዱ አሥር ደቂቃ ይሩጡ። ሩጫው ላይ ሌላ የምጨምረው ብዙ የለኝም።

እንቅልፍ ላይ ግን አልደራደርም። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው ጠዋት ብስክሌት ላይ መውጣት የለበትም። መጀመሪያ ይተኛ፤ ልምምዱ ከቀረም ይቅር። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ ዝግጅትዎ አይበላሽም፤ እያንጎላጁ መኪና መሀል መግባት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

የጾም ነገርም አለ። በበጋ የሚደረግ ውድድር ከፍልሰታ ጾም ጋር ሊገጣጠም ይችላል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወደ ማታ ያድርገው፣ ጠዋት ቢንቀሳቀስም ለዘብ ያለ ይሁን። በምስርና በሽሮ በርትቶ መዘጋጀት ይቻላል። በሶ የሚስማማዎ ከሆነ ረጅም ብስክሌት በሚነዱበት ቀን ይሞክሩት፤ ለውድድሩ ጠዋት አዲስ ምግብ አይያዝም። ብዙ ውድድር እሑድ ጠዋት ስለሚደረግ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ከሆነ ገንዘብ ሳይከፍሉ ቀኑን ይዩ። ስኳር፣ ደም ብዛት ወይም የልብ ችግር ካለብዎ ደግሞ ከሁሉም በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ዛሬ ማታ የሰፈርዎ መዋኛ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይመልከቱ። ልጅ ካለዎትም ይዘውት ይሂዱ፤ አብሮዎት ይማር።