ስለ አሮጌ ሌንስ አያያዝ

ርቀት መለኪያ ላለው ካሜራ አሮጌ ሌንስ ስንገዛ አስቀድመን ወደ ብርሃን አቅንተን ውስጡን እንመልከት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ መስተዋቱን ከበላው ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። በሶቪየት ኅብረት በተሠራው በ‹ጁፒተር 8› ላይ ደግሞ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኀዞች ዘመኑን ይነግሩናል፤ 67 ቢል 1967 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

በመካነ ሰላም ደጋ ግን ዋናው ጠላት ጤዛ ነው። ሌንስ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ላብ ይይዛል። ርቀት መለኪያ ያለው ካሜራ ማያው በሌንሱ በኩል ስለማያሳይ ጤዛውን አናይም። እኛም ምድጃ ዳር የተቀመጡትን የአንዳችንን አያት ቸኩለን አነሣን፤ ፊልሙ ሲታጠብ ምስሉ ጉም ለብሶ ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንመለስ አያት አልነበሩም።

ስለዚህ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አሥረን እናስገባ፤ ቤቱን እስኪለምድም አንፍታው።